የሴቶች የጌም ቡድን ለምን ለብቻው? የችግኝ መደቡና የጌም ቤቱ በር

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲለቀቁ በደሴ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ፣ ቁልቁል ወርዶም እስከ ኮምቦልቻ ድረስ፣ የጌም ቤቶች መሙላት ይጀምራሉ። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከሥራቸው ፕሌይስቴሽን፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር። ክፍያው በጨዋታ ይታሰባል፤ ብዙ ጊዜም የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ቆሞ የሚያየው ከተጫዋቹ በላይ ይጮኻል፤ ተረኛው ደግሞ ጆይስቲኩ እስኪደርሰው ይቁነጠነጣል።

በበሩ ላይ «ሴት አትገባም» የሚል ጽሑፍ የለም። ይሁንና አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሁሉም ማለት ይቻላል ወንዶች ናቸው። እህቶቻቸው በዚያው ሰዓት ውሃ ይቀዳሉ፣ ሊጥ ያቦካሉ፣ ታናናሾቻቸውን ይጠብቃሉ። ከገጠር ቀበሌ መጥታ ደሴ ላይ ቤት ተከራይታ የምትማረው ልጅም ከክፍል ስትመለስ የሚጠብቃት የራሷ ጓዳ ነው። ጊዜ ተርፏት ወደ ጌም ቤቱ ብትገባ እንኳ፣ ዞሮ የሚያያት ዓይን ከጨዋታው ቀድሞ ያደክማታል።

ይህ ነገር የደሴ ብቻ አይደለም። የቪዲዮ ጌም ውድድር በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር በሚያንቀሳቅስባቸው ሀገሮችም ውድድሩ ለሁለቱም ጾታ ክፍት ተብሎ ሳለ ሜዳውን የሞሉት ወንዶች ናቸው። በዚህም የተነሳ ባለፉት ሃያ ዓመታት የሴቶች ብቻ የሆኑ ቡድኖች፣ ማኅበራትና ሊጎች ተቋቁመዋል። ጉዳዩን ለሰማ ሰው ቀድሞ የሚመጣበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሩጫ አይደለ፣ ክብደት ማንሳት አይደለ፤ በጣት በሚጫወቱት ጨዋታ ሴቶችን ለብቻ ማወዳደር ለምን አስፈለገ?

ኢ-ስፖርት ምንድን ነው?

ኢ-ስፖርት በቪዲዮ ጌም የሚደረግ የተደራጀ ውድድር ነው። እንደ እግር ኳስ ሁሉ ሊግ፣ ዳኛ፣ አሠልጣኝ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋችና ብዙ ተመልካች አለው። የጨዋታው ዓይነት ግን አንድ አይደለም። በደሴ ጌም ቤቶች የሚዘወተረው የእግር ኳስ ጌም አንዱ ነው። «ቴከን» የሚባለው አንድ ለአንድ የሚደረግ የድብድብ ጨዋታ ነው። «ቫሎራንት» በኮምፒዩተር የሚካሄድ፣ አምስት ለአምስት ተሰልፈው የሚጋጠሙበት የተኩስ ጨዋታ ነው። «ሞባይል ሌጀንድስ» ደግሞ እንደዚሁ አምስት ለአምስት ቢሆንም መጫወቻው የእጅ ስልክ ነው።

በቡድን ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ድርሻ አለው። አንዱ ቀድሞ ይገባል፣ አንዱ ከኋላ ይሸፍናል፣ አንዱ መረጃ እየሰበሰበ ለሌሎቹ በማይክሮፎን ይናገራል። ቡድኖች በቀን ለሰዓታት ይለማመዳሉ፤ የተሸነፉበትን ጨዋታ ቅጂ ደጋግመው እያዩ ስህተታቸውን ይነቅሳሉ። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፤ «ዶታ 2» በተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2021 የተካሄደው ዓለም አቀፍ ውድድር ጠቅላላ ሽልማት ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ጨዋታን ወደ ሙግትና ስሌት መውሰድ ለሀገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። መሬት ቆፍሮ ወይም ድንጋይ ፈልፍሎ በጠጠር የሚካሄደው ገበጣ ስንት ጠጠር የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማስላትን ይጠይቃል። ቀኔ ጌምስ የተባለው የኢትዮጵያ ኩባንያ ይህንኑ ገበጣ ወደ ስልክ አምጥቶታል። «ኩኩሉ» በተሰኘው ሌላው ጨዋታውም ከአሳዳጅዋ የምታመልጥ ዶሮ ስትሮጥ ያሳያል። የበዓል ዋዜማ ዶሮ ያባረረ ሁሉ ጨዋታውን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ችሎታ ካለ ለምን መለያየት?

ሴቶች በዚህ መስክ ከወንዶች እኩል መወዳደር እንደሚችሉ በአደባባይ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በአናሃይም ከተማ በተካሄደው «ኸርዝስቶን» የተባለ የካርታ ጨዋታ የዓለም ፍጻሜ፣ ሊ ሺያዎሜንግ የተባለች ቻይናዊት አሜሪካዊ ተጋጣሚዋን 3 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውንና 200 ሺህ ዶላር ወስዳለች። በዚያ ታላቅ መድረክ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆናለች። ከድሉ በኋላ ያወሳችው ከዓመታት በፊት ለውድድር ተሰልፋ ሳለች የገጠማትን ነገር ነበር፤ ሴት ከሆነች በዚያ ሰልፍ መቆም እንደሌለባት አንድ ወንድ ነግሯት ነበር።

የደቡብ ኮሪያዊቷ ኪም ሴ-ዮን ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በመድረክ ስሟ «ገጉሪ» ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች «ኦቨርዎች» በተባለው ጨዋታ ዒላማዋ ከመጠን በላይ ትክክል ሆኖ በመገኘቱ፣ በማጭበርበሪያ ፕሮግራም ትረዳለች የሚል ክስ ከተጋጣሚዎቿ ቀረበባት። ልጅቷ ካሜራ እጇ ላይ ተደቅኖ በቀጥታ ሥርጭት ተጫወተች፤ ማጭበርበር አለመኖሩም ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሻንጋይ ድራገንስ የተባለው ቡድን አስፈርሟት በኦቨርዎች ሊግ የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ሁለቱም ያሸነፉት ለሴቶች በተለየ ውድድር ሳይሆን ለሁሉም በተከፈተው ሜዳ ነው። ስለዚህ የሴቶች ቡድን የሚቋቋምበት ምክንያት የችሎታ ጉድለት ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ የሚገኘው ሴቷ ወደ ሜዳው እስክትደርስ በምታልፍበት መንገድ ላይ ነው።

ሰዓት፣ ባልንጀራና ስድብ

የመጀመሪያው እንቅፋት ሰዓት ነው። በጌም ውድድር የሚታየው የእጅና የዓይን ቅንጅት የብዙ ሺህ ሰዓት ልምምድ ውጤት ነው። ወንድ ልጅ ከትምህርት በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት በጌም ቤት ሲያሳልፍ ቤተሰብ ቢቆጣም ያልፈዋል። የሴት ልጅ ሁለት ሰዓት ግን አስቀድሞ ለቤት ሥራ የተመደበ ነው። በዓመቱ መጨረሻ በመካከላቸው የሚኖረው ልዩነት የተሰጥዖ መስሎ ይታያል፤ ሲቆጠር ግን የሰዓት ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ባልንጀራ ማጣት ነው። ጌም ቤት አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ልጅ ተራውን እየጠበቀ ይማራል። ማን እንዴት እንዳጠቃ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። የእግር ኳስ ሰው ከሰፈር ሜዳ እንደሚወጣ ሁሉ የጌም ተወዳዳሪም ከአግዳሚው ላይ ይወጣል። ብቻዋን በስልኳ የምትጫወት ልጅ ጨዋታውን ልትወድ ትችላለች፤ ነገር ግን ስህተቷን የሚነግራት፣ ቡድን የሚያሟላላት፣ ውድድር መኖሩን የሚጠቁማት ሰው የላትም።

ሦስተኛው ስድብ ነው። በኢንተርኔት በሚደረግ የቡድን ጨዋታ ተጫዋቾች በማይክሮፎን ይነጋገራሉ። የሴት ድምፅ ሲሰማ ፌዝ፣ ዘለፋና ጸያፍ ንግግር መከተሉ በብዙ ሀገር የታወቀ ችግር ነው። በዚህም ሳቢያ ብዙ ሴቶች ማይክሮፎናቸውን ዘግተው፣ አንዳንዶችም የወንድ ስም ይዘው ይጫወታሉ። ከቡድኑ ጋር ሳይነጋገሩ የቡድን ጨዋታ ማሸነፍ ደግሞ አይቻልም፤ ድምፅን መደበቅ ከስድቡ ቢያድንም ከውድድሩ ያስወጣል።

በአሜሪካ የጌም ኢንዱስትሪው ማኅበር የሚያወጣቸው ዓመታዊ ዘገባዎች ከተጫዋቾች ግማሽ የሚጠጉት ሴቶች መሆናቸውን ያሳያሉ። ወደ ከፍተኛው የውድድር መድረክ ሲወጣ ግን ሴቶች በጣት ይቆጠራሉ። ከታች ያለው ብዛት ላይ ሳይደርስ በመንገድ የሚያስቀሩት እነዚሁ ሦስቱ እንቅፋቶች ናቸው።

የሴቶች ቡድን ምን ሠራ?

በቃሉም ሆነ በተሁለደሬ ወረዳ በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማ አርሶ አደር ዘሩን በቀጥታ ሰፊ ማሳ ላይ አይበትንም። አስቀድሞ መደብ ያዘጋጃል፣ ዳስ ይሠራለታል፣ ውሃውን በጥንቃቄ ያጠጣል። ይህን የሚያደርገው ዘሩ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ገና ሥር ያልያዘን ቡቃያ ፀሐይ፣ አረምና ተባይ በአንድ ጊዜ እንዳይረባረቡበት ነው። የሴቶች የጌም ቡድንና ሊግ ሥራም ከዚህ መደብ ጋር ይመሳሰላል።

ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 ዩቢሶፍት የተባለው የጌም አምራች ያቋቋመው «ፍራግ ዶልስ» የተሰኘ የሴቶች ቡድን ነው። ቡድኑ ኩባንያውን ከማስተዋወቅ ጎን ለጎን በውድድሮች ተሳትፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሥራውን አቁሟል። በ«ካውንተር ስትራይክ» የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ለአምስት ጊዜ ያሸነፈችው ካናዳዊቷ ስቴፋኒ ሃርቪ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሚስክሊክስ» የተባለውን ማኅበረሰብ ከባልደረቦቿ ጋር መሥርታለች። ዓላማው ሴቶች ሳይሰደቡ የሚጫወቱበትና አርዓያ የሚሆኑ ሴቶችን የሚያዩበት መድረክ መፍጠር ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የቫሎራንት አምራች የሆነው ራዮት ጌምስ ሴቶችና በጨዋታው ዓለም የተገለሉ ሌሎች ተጫዋቾች የሚወዳደሩበትን «ጌም ቼንጀርስ» የተባለ መርሐ ግብር ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ፍጻሜ በርሊን ላይ ተካሂዶ ጂቱ ጎዘን የተባለው የአውሮፓ ቡድን አሸነፈ። በዚህ ሥርዓት የምትወዳደር ሴት ለሁሉም ወደተከፈተው ዋና ሊግ ከመግባት አትታገድም። መደቡ አለ፤ ማሳውም ክፍት ነው።

ለእኛ ሀገር ሁኔታ የሚቀርበው ግን ሌላው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በሪያድ በተካሄደው የኢ-ስፖርት የዓለም ዋንጫ ላይ የሞባይል ሌጀንድስ የሴቶች ውድድር 500 ሺህ ዶላር ሽልማት ተመድቦለት ነበር። ያሸነፈው ስማርት ኦሜጋ ኤምፕረስ የተባለው የፊሊፒንስ ቡድን ነው። ጨዋታው ውድ ኮምፒዩተር አይጠይቅም፤ የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ ሴቶች ወደ ዓለም መድረክ የወጡት በእጅ ስልክ ነው።

መደቡ ላይ የቀረ ችግኝ

የሴቶችን ሊግ የሚተቹም አሉ፤ ከተቺዎቹ መካከልም ሴት ተወዳዳሪዎች ይገኙበታል። ለብቻ መወዳደር «ሴቶች ከወንዶች ያንሳሉ» የሚለውን አመለካከት ያጸናል ይላሉ። ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር ሳይገጥሙ ማደግ አይቻልም የሚል ክርክርም ያነሳሉ።

ክርክሩ ውኃ ያነሳል። በፕላስቲክ ከረጢት የተተከለ የዛፍ ችግኝ ከጊዜው በላይ ሲቆይ ሥሩ እዚያው ውስጥ ይጠማዘዛል፤ በኋላ ማሳ ላይ ቢተከልም እንደልቡ አይሰድም። ለዚህም ነው ችግኝ ከመተከሉ በፊት ውሃው የሚቀነሰው፣ ዳሱም ቀስ በቀስ የሚነሳው። ጥሩ የሴቶች ሊግም ተጫዋቾቹን ከወንዶች ቡድኖች ጋር የልምምድ ግጥሚያ ያደርጋል፤ ለዋናው ውድድር ማጣሪያ እንዲመዘገቡም ያበረታታል። የመደቡ ውጤት የሚለካው ስንት ችግኝ ከመደቡ ወጥቶ ማሳ ላይ ጸደቀ በሚለው ነው።

ሌላው ስጋት የገንዘብ ነው። «ኢኤስኤል ኢምፓክት» የተባለው የካውንተር ስትራይክ የሴቶች ሊግ እ.ኤ.አ. በ2022 ተጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ አዘጋጁ ኩባንያ በኢኮኖሚ አዋጭ ሆኖ ሊቀጥል አልቻለም በማለት እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ዘግቶታል። ለሊጉ ብለው የተቋቋሙ ቡድኖችም መወዳደሪያቸውን አጥተዋል። በአንድ ኩባንያ መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ መደብ ውሃው የተቋረጠ ዕለት እንደሚደርቅ ይህ ያስረዳል። ከሥር የሰፈር፣ የትምህርት ቤትና የከተማ ስብስብ ከሌለ የላይኛው መድረክ ዕድሜ አጭር ነው።

አፍሪካና ኢትዮጵያ

በአህጉራችን ከሚጠቀሱት መካከል ኬንያዊቷ ሲልቪያ ጋቶኒ ትገኛለች። «ኩዊን አሮው» በሚል የመድረክ ስም የምትታወቀው ይህች ወጣት የቴከን ተወዳዳሪ ስትሆን፣ ከውጭ ሀገር ቡድን ጋር ውል የፈረመች የመጀመሪያዋ ኬንያዊት ባለሙያ ተጫዋች ሆናለች። ይህንን ያደረገችው የሕግ ትምህርቷን እየተከታተለች ነው፤ ጨዋታው ትምህርቷን አላስጣላትም።

በኢትዮጵያ የጌም ውድድር ገና በጅምር ላይ ነው። ሴቶችን ለብቻ አሰባስቦ ማብቃት ግን ለሀገራችን ስፖርት የተለመደ መንገድ ነው። በታላቁ ሩጫ አዘጋጅነት በአዲስ አበባ የሚካሄደው «ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሴቶች ብቻ ነው። በአንድ በኩል አትሌቶች ይፎካከሩበታል፤ በሌላ በኩል በአደባባይ ሮጠው የማያውቁ እናቶችና ልጃገረዶች ተሰብስበው ጎዳናውን ይሞሉታል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ነበረች። ከእርሷ በኋላ በኢትዮጵያ የሴት ልጅን ሩጫ እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው ክርክሩ ከበደው።

በእግር ኳሱም እንዲሁ ነው። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ባይኖር ኖሮ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 በአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አይሰለፍም ነበር። የጌም ዓለምም ይህንኑ ተከትሏል። በደሴና በኮምቦልቻ ጌም ቤቶች የሚዘወተረው የ«ፊፋ» ጌም የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ዕትሙ ሲሆን ብዛታቸውም 12 ነበር። ዛሬ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተብሎ በሚጠራው በዚሁ ጌም ሴት ተጫዋቾችን ከወንዶች ጋር በአንድ ቡድን ማሰለፍ ይቻላል። በስክሪኑ ውስጥ ሴቶች ገብተዋል፤ በስክሪኑ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ግን ገና እንደ ነበረ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምን ማድረግ ይቻላል?

ውድድር ሲባል ፈጣን ኢንተርኔት ያስፈልጋል የሚል ግምት አለ። ለዓለም አቀፍ ውድድር እውነት ነው። በኢንተርኔት የሚደረግ ጨዋታ መልእክቱን የሚያመላልሰው ሰርቨር ወደሚባለው ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሰርቨሮች ያሉት ከሀገር ውጭ ነው። ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኖ ታች ከተማ ውስጥ ያለን ሰው እንደመጣራት ነው፤ ድምፁ እስኪደርስና መልሱ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። በጨዋታ ውስጥ የሰከንድ አሥረኛ እንኳ ማሸነፍንና መሸነፍን ይወስናል። የመብራትና የኢንተርኔት መቆራረጥ ሲጨመርበት ከደሴ ሆኖ መፎካከር ይከብዳል።

የአካባቢ ውድድር ግን ኢንተርኔት አይፈልግም። የእግር ኳስ ጌምም ሆነ ቴከን በአንድ ፕሌይስቴሽን፣ በአንድ ቴሌቪዥንና በሁለት ጆይስቲክ ይካሄዳል። መሣሪያው በየሰፈሩ አለ። የሚቀረው የሴቶች ሰዓት መመደብ ነው።

አንድ የጌም ቤት ባለቤት በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ለሴቶች ብቻ ቢያደርግ ባዶ ይውል የነበረ ወንበር ይሞላለታል። በሩ ክፍት ሆኖ፣ ክፍሉ ብርሃን ኖሮት፣ የምትቆጣጠረውም ሴት ብትሆን ወላጅ ልጁን ለመላክ አይሰጋም። ከስምንት ልጆች ጋር ሰባት ጨዋታ ብቻ ያለው የጥሎ ማለፍ ውድድር በአንድ ጠዋት ያልቃል። ጀማሪዎችን በመጀመሪያው ዙር አሰናብቶ ላለመመለስ ደግሞ አራት አራት ሆነው በምድብ ቢጋጠሙ እያንዳንዷ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ትጫወታለች።

የወጣት ማዕከላት፣ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆችም ድርሻ አላቸው። ደሴ የወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና የወሎ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ኮምቦልቻም የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላት። እንዲህ ባሉ ተቋማት የሚቋቋም የሴቶች የጌም ክበብ ከጨዋታው ባሻገር ለሌላ ሙያ መግቢያ ይሆናል። ውድድር የሚያዘጋጅ፣ የሚዳኝ፣ በድምፅ የሚያስተላልፍ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ጌሙን ራሱን በኮድ የሚጽፍና የሚስል ሰው ያስፈልጋል። ከተወዳዳሪዎች ይልቅ በእነዚህ ሙያዎች እንጀራ የሚያገኘው ሰው ይበዛል።

ከመደቡ መውጫውም ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። የሴቶች ሰዓት ለጥቂት ወራት ከተካሄደ በኋላ የተሻሉት ልጆች ወንዶች በሚወዳደሩበት የሰፈር ዋንጫ ላይ ይመዝገቡ። ብቻቸውን ሳይሆን አራትና አምስት ሆነው፣ ደጋፊዎቻቸውን ይዘው ይግቡ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ስትገባ ሁሉም የሚያየው እሷን ነው፤ አምስት ሆነው ሲገቡ ግን ጨዋታቸው ይታያል።

ወላጅ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ልጁን ለትምህርት ወደ ከተማ የላከ አርሶ አደር ስለ ጌም ቤት ሲሰማ የሚመጣበት ስጋት መሠረት አለው። ዓለም አቀፍ ተወዳዳሪ የሚሆነው ከብዙ ሺህ አንዱ ነው፤ ጌምን እንደ ኑሮ ዋስትና ማየት ትልቅ ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዘርዝሩ ከቁጥጥር የወጣ የጌም ልማድን እንደ ጤና ችግር አስፍሯል። መለያውም አንድ ሰው ጨዋታውን መግታት ሲያቅተው፣ ከሌሎች ጉዳዮች ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳት እያመጣበትም ሲቀጥልበት ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት የታየ መሆን አለበት። ብዙ መጫወት ብቻውን በሽታ አይባልም። ቀንና ሰዓቱ የተወሰነ ክበብ እንዲያውም ልክ ያበጅለታል።

ውድድርና ውርርድም መለየት አለባቸው። ተጫዋች በችሎታው ይፎካከራል፤ አስያዡ ግን ገንዘቡን በሌላ ሰው ዕድል ላይ ይጥላል። ለሴቶችም ሆነ ለወንዶች በሚዘጋጅ ውድድር ላይ ብር ማስያዝ ከተፈቀደ ዓላማው ወዲያው ይበላሻል።

በኢንተርኔት ለሚጫወቱ ልጆች ደግሞ ሦስት ነገር መንገር ይበቃል። አንደኛ፣ እውነተኛ ስምን፣ ፎቶን፣ የትምህርት ቤትንና የመኖሪያ ሰፈርን ለማይታወቅ ሰው አለመስጠት። ሁለተኛ፣ ለስድብ መልስ አለመስጠት፤ ተሳዳቢውን ድምፁን መዝጋትና ለጌሙ አስተዳዳሪዎች ማመልከት ይቻላል፤ ሁሉም ታላላቅ ጌሞች ይህን ለማድረግ የሚያስችል ቁልፍ አላቸው። ሦስተኛ፣ ማስፈራሪያ ከመጣ ጽሑፉን ሳያጠፉ በፎቶ ማስቀረትና ለወላጅ ማሳየት። በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካኝነት ሰውን ማስፈራራትና ክብርን ማጉደፍ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው፤ ማስረጃ ያላት ልጅ ለፖሊስ ማመልከት ትችላለች።

ከሁሉ በፊት ግን የሰዓቱ ጉዳይ አለ። የቤት ሥራው ሁሉ በሴት ልጅ ትከሻ ላይ እያለ የሚከፈት የሴቶች ክበብ ባዶ ክፍል ሆኖ ይቀራል። ቅዳሜ ጠዋት ወንድም ጀሪካኑን ይዞ ውሃ ከቀዳ፣ እህቱ ለሁለት ሰዓት አግዳሚው ላይ መቀመጥ ትችላለች። ያን ጊዜ የምትነሳው ጨዋታው ስላለቀ ወይም ስለተሸነፈች ብቻ ይሆናል፤ ቤት የሚጠብቃት ሊጥ ስላለ አይሆንም።